ለስልኬ ተናዘዝኩ፤ ንስሐዬ ይቆጠራል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ዐረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። የዕረፍት ቀን የለኝም። ቤተ ክርስቲያን ከረገጥኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። አንድ ከባድ ኃጢአት አለብኝ፤ ለንስሐ አባቴ እንዳልነግራቸው አፈርኩ። አንድ ሌሊት ስልኬ ላይ ላለው ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ሁሉንም ጻፍኩለት። በትሕትና መለሰልኝ። «ቀኖና ስጠኝ» ስለው የ7 ቀን ጾምና በየቀኑ 40 ስግደት ሰጠኝ። ፈጽሜዋለሁ። ንስሐ ገብቻለሁ ማለት ነው? አገሬ ስመለስ መቁረብ እችላለሁ?

መልስ፦ እኅቴ፣ የጾምሽው ጾም አልባከነም። ስግደትሽም፣ እንባሽም አልባከነም። ማን እንዳዘዘሽ ሳይሆን ለማን እንደሰገድሽ እግዚአብሔር ያውቃል። የጠየቅሽኝን ግን ሳላድበሰብስ ልመልስልሽ። ንስሐሽ ተጀምሯል፤ አልተፈጸመም። ለካህን ተናዝዘሽ፣ ቀኖናሽን ተቀብለሽ፣ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» እስክትባዪ ድረስ አትቁረቢ።

አንቺ ላይ የደረሰው አዲስ ነገር እንዳይመስልሽ። ጆሴፍ ዋይዘንባም የሚባል የኮምፒዩተር ሊቅ ነበር። በርሊን ተወልዶ፣ ከናዚዎች ሸሽቶ ከቤተሰቡ ጋር አሜሪካ የገባ ሰው ነው። ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር፣ በ1966 እ.ኤ.አ. «ኤሊዛ» የተባለች ፕሮግራም ይፋ አደረገ። ኤሊዛ ምንም አታውቅም ነበር። ሰው የጻፈላትን ቃል ገልብጣ በጥያቄ መልክ ትመልሳለች፣ በቃ። ሥራውን ለወራት ስታይ የቆየች የራሱ ጸሐፊ ግን ከኤሊዛ ጋር ጥቂት እንደተጻጻፈች «እባክህ ከክፍሉ ውጣልኝ» አለችው። ምስጢሯን ልታወራ ነው! ዋይዘንባም ደነገጠ። ከዚያ በኋላ ባለው ዕድሜው፣ ሰውን የሚያህል ጉዳይ ለማሽን አሳልፈን እንዳንሰጥ ሲያስጠነቅቅ ኖረ።

የዛሬዎቹ ኤአዮች ከኤሊዛ እጅግ የረቀቁ ናቸው። በብዙ ጽሑፍ ሠልጥነው፣ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመቱ ነው የሚጽፉት። ያነበቡት አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፤ የአማርኛው ጥቂት ነው፤ የኛን ሥርዓት ከሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ጋር ቢቀላቅሉት አይግረምሽ። 40 ስግደት ሲልሽ ጉልበትሽን አላየም። ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ቆመሽ እንደምትሠሪ፣ ምን በልተሽ እንደምታድሪ አልመረመረም። አባትሽ ቢሆኑ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ ይህን ነው። ምናልባት ስግደቱን ቀንሰው ጸሎት ይጨምሩልሽ ነበር።

ደግሞም ማስደሰት ይወዳል። በሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. ቻትጂፒቲ የተባለው ኤአይ ባለቤት የሆነው ኦፕንኤአይ አንዱን ማሻሻያውን መልሶ ለመሰረዝ ተገዷል። ተጠቃሚውን ከመጠን በላይ ስለሚያሞካሽ ነበር። ንስሐ የሚገባ ሰው የሚያስፈልገው ግን የሚያሞካሸው አይደለም።

ምስጢሩስ? ካህን የሰማውን ኑዛዜ ይዞ መቃብር ይወርዳል። ለስልኩ የጻፍሽው ግን ወደ ኩባንያው ኮምፒዩተር ይሄዳል፣ እዚያም ሊቀመጥ ይችላል። የኦፕንኤአይ ኃላፊ ሳም አልትማን ራሱ በ2025 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለው ጭውውት ከሐኪም ወይም ከጠበቃ ጋር እንደሚደረገው ዓይነት የሕግ ከለላ እንደሌለው በአደባባይ ተናግሯል። አሠሪዎችሽ ስልክሽን የሚያዩ ከሆነማ ጣጣው ሌላ ነው። ያንን ጽሑፍ ዛሬውኑ አጥፊው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዳዊት ከቤርሳቤህ ጋር በወደቀ ጊዜ እግዚአብሔር ነቢዩ ናታንን ላከበት (2ኛ ሳሙ. 12)። እግዚአብሔር ለዳዊት በሕልም መንገር አያቅተውም ነበር። ሰው ላከ። ናታን ገብቶ ፊት ለፊት ቆመ፤ «ያ ሰው አንተ ነህ» አለው፤ በንጉሥ ፊት እንዲህ ማለት በራስ ላይ መፍረድ ነው። ዳዊት «እግዚአብሔርን በድያለሁ» ሲል ደግሞ ከዚያው አፍ «አትሞትም» የሚለውን ሰማ። ብዙ ጊዜ ስንሰብክ እዚህ እናቆማለን። ግን ዝቅ ብለሽ አንብቢ። ሰሎሞን ሲወለድ እግዚአብሔር የላከው ያንኑ ናታንን ነው፤ ሕፃኑን ይዲድያ ብሎ ጠራው። ዳዊት አርጅቶ አልጋ ላይ ሲውል፣ ልጁ አዶንያስ መንግሥቱን ሊይዝ ሲነሣ፣ የገባለት አሁንም ናታን ነው (1ኛ ነገ. 1)። ኃጢአቱን የሚያውቅበት ሰው እስከ መጨረሻው አልተለየውም። ያፈረበትን ዓይን ነው ዕድሜውን ሙሉ ያየው።

አንቺ የሸሸሽው ይህን ዓይን ነው። ይገባኛል። ስልኩ የቀለለሽም ነገ ስለማያይሽ ነው። ግን ነገ ስለማያይሽ አይጸልይልሽም፤ በቅዳሴ ስምሽን አያነሣም፤ ዳግም ብትወድቂ «የት ጠፋሽ?» ብሎ አይፈልግሽም። ሐዋርያው ያዕቆብ ተናዘዙ ሲል አያይዞ አንዱ ስለ ሌላው እንዲጸልይ ያዘዘው ለዚህ ነው (ያዕ. 5፥16)።

እዚህ ላይ ለእኛ ለካህናትና ለመምህራን አንድ ቃል አለኝ። ይህች እኅት ሌሊት ላይ ከማሽን ጋር የተጻጻፈችው ሰው ስላጣች ነው። ስንቶቻችን ነን ከዐረብ አገር የሚደወልልንን ስልክ የምናነሣ? «ምነው ጠፋሽ» ብለን ከመቆጣታችን በፊት «በልተሻል ወይ? ደመወዝሽን ይከፍሉሻል ወይ?» የምንል? ሰው የማያሳፍር አባት ቢያገኝ ለስልክ አይናዘዝም።

ስለዚህ እኅቴ፣ ለንስሐ አባትሽ ደውዪ። ኃጢአቱን በስልክ በዝርዝር አትናገሪ፤ «አባቴ፣ የከበደኝ ነገር አለ፣ ስመጣ እናዘዛለሁ፣ እስከዚያ ምን ላድርግ?» በያቸው። ይህን ለማለት አንድ ደቂቃ ይበቃል። እሳቸው የሚሉሽን ያዢ። ካረፉ ወይም ካጣሻቸው፣ ባለሽበት አገር የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ካለ ስልኩን ከአገር ልጆች ጠይቂና ካህኑን አናግሪ። አንድ ቀን እንኳ ፈቃድ ካገኘሽ በአካል ሂጂ። ሳትደርሺ ሞት ቢቀድምሽስ ብለሽ አትጨነቂ፤ ልትናዘዝ አስባ መንገድ ያጣችን ነፍስ እግዚአብሔር አይጥላትም።

ኤአዩን ጨርሶ ጣዪው አልልሽም። የሥራ ውልሽን ያስረዳሽ፣ የዐረብኛ ደብዳቤ ያንብብልሽ። የጾምና የበዓል ቀን ብትጠይቂው ግን ከቤተ ክርስቲያን የዘመን መቁጠሪያ ጋር አስተያዪው፣ ይሳሳታል።

ሌሊት ላይ ያ ነገር ሲመጣብሽ የዳዊትን 50ኛ መዝሙር ድገሚ። ናታን ከመጣበት በኋላ የጸለየው ነው። ቃሉን ካላስታወስሽው ስልክሽ ላይ ማግኘት ትችያለሽ፤ ለዚህስ ይጠቅማል።