ከመጫኛው ቀን በፊት፦ ስለ ትላልቅ የቤት ዕቃዎች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ቤት መቀየርን በተመለከተ ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ማቀዝቀዣ፣ ስለ ልብስ ማጠቢያና ስለ ምድጃ ናቸው። ሰው በአብዛኛው የሚሰጋው ዕቃው እንዳይወድቅ ወይም እንዳይጫር ነው፤ ሆኖም ብዙው ብልሽት የሚመጣው ውስጡ ከቀረ ውኃ፣ ቦታውን ከለቀቀ ዘይትና ሳይታሰር ከተጫነ ተንቀሳቃሽ ክፍል ነው።

ጥያቄ፦ ማቀዝቀዣችን ረጅም ስለሆነ መኪናው ላይ ቆሞ አይገባም። አስተኝተን ብንወስደው ይበላሻል? እንደደረስን ወዲያው መሰካትስ እንችላለን?

መልስ፦ እኔ የምመክረው ማቀዝቀዣው ቆሞ የሚገባበት ሌላ መኪና እንዲፈልጉ ነው። ከጀርባው በታች በኩል በሚገኘው ኮምፕረሰር፣ ማለትም የሚያቀዘቅዘውን ጋዝ በሚገፋው ሞተር፣ ውስጥ ተንቀሳቃሽ ክፍሎቹን የሚያለሰልስ ዘይት አለ፤ ማቀዝቀዣው ሲተኛ ይህ ዘይት ወጥቶ ጋዙ ወደሚዘዋወርባቸው ቱቦዎች ሊገባ ይችላል። ዘይቱ ወደ ቦታው ሳይመለስ ከተሰካ ኮምፕረሰሩ ያለ በቂ ዘይት ስለሚሠራ ሊቃጠል ይችላል። ማስተኛቱ ግድ ከሆነ በጎኑ ይተኛ፤ በጀርባው ከተኛ ቱቦዎቹ፣ በፊቱ ከተኛ ደግሞ በሩ ይጎዳል። ከደረሱ በኋላ ቢያንስ ተኝቶ የቆየበትን ያህል ጊዜ፣ ብዙ ሰዓት ተኝቶ ከነበረ ደግሞ 24 ሰዓት ቆሞ ይቆይ። ቆሞ የተጓዘ ከሆነ ጥቂት ሰዓታት ይበቁታል።

ዝግጅቱ የሚጀምረው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ከመጫኑ አንድ ቀን በፊት ከሶኬት ነቅለው በሩን ክፍት በማድረግ በረዶው በራሱ ጊዜ እንዲቀልጥ ያድርጉ። በረዶውን በቢላዋ መፈልፈል ቱቦውን ሊበሳው ይችላል፤ በብዙዎቹ አዳዲስ ማቀዝቀዣዎች ውስጥ ያለው ጋዝ፣ አይሶቡቴን፣ ተቀጣጣይ በመሆኑ አደጋው ከማቀዝቀዣው መበላሸት ያልፋል። የመስታወት መደርደሪያዎቹን አውጥተው ለየብቻ ይጠቅልሉ። አዲሱ ቤት እስኪዘጋጅ ለቀናት ሳይሰካ የሚቀመጥ ከሆነም ሻጋታ እንዳያወጣ በሩን ገርበብ አድርገው ይተዉት።

ጥያቄ፦ የልብስ ማጠቢያ ማሽናችን ሲገዛ ከጀርባው የተፈቱትን ረጃጅም ብሎኖች ጥለናቸዋል። ያለ እነሱ ማጓጓዝ ይቻላል?

መልስ፦ ጥያቄዎን ሳነብ አዘንኩ፤ እነዚህን ብሎኖች የሚጥለው ሰው እጅግ ብዙ ነው። ልብስ የሚሽከረከርበት ከበሮ ከማሽኑ ሣጥን ጋር በጥብቅ የተያያዘ አይደለም፤ በሞላዎች ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ሲሆን፣ መንቀጥቀጡን ለመቀነስ ሲባል ከባድ ክብደት፣ ብዙ ጊዜም ኮንክሪት፣ ይታሰርበታል። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ይህ ሁሉ ክብደት ከግራ ቀኝ እየተማታ ሞላዎቹን ሊያላቅቅ ይችላል። ብሎኖቹ የተሠሩት ይህንን ለመከላከል ነው። የማሽኑን ሞዴል ቁጥር ይዘው መለዋወጫ ከሚሸጥበት ቢጠይቁ ብዙ ጊዜ ይገኛሉ። ካልተገኙ ግን ማሽኑ ቆሞ፣ ከመኪናው ግድግዳ ጋር በቀበቶ ታስሮና ከሥሩ ወፍራም ብርድ ልብስ ተነጥፎለት፣ በዝግታ ይጓዝ። ይህ አደጋውን ይቀንሰዋል እንጂ አያስቀረውም።

ውኃውንም አይርሱ። ቧንቧውን ዘግተው ቱቦዎቹን ወደ ባልዲ ያራግፉ፤ ከፊት ለፊት ከታች ያለውን ማጣሪያ ሲከፍቱም ዝርግ ዕቃ ያስቀምጡለት። በአዲሱ ቤት ማሽኑን ከማስነሳትዎ በፊት ብሎኖቹ መፈታታቸውን ሁለት ጊዜ ያረጋግጡ፤ ታስረው ከተነሣ በመጀመሪያው ጭመቃ ራሱን ይጎዳል።

ጥያቄ፦ የጋዝ ምድጃውን ከሲሊንደሩ ሳንለያይ መጫን እንችላለን?

መልስ፦ በፍጹም አይቻልም። በመጀመሪያ የሲሊንደሩን መክፈቻ ዘግተው ምድጃው ላይ የቀረው ነበልባል በራሱ እስኪጠፋ ይጠብቁ፤ ከዚያ በኋላ ሲሊንደሩ አፍ ላይ የተገጠመውን የጋዝ ግፊት መቆጣጠሪያ (ሬጉሌተር) ይፍቱ። ሲሊንደሩ ባዶ ቢመስልም ቆሞና ታስሮ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይጓዝ፤ ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ካመለጠ ወለሉ ላይ ይጠራቀማል። እንደገና ሲገጠም መጋጠሚያውን በሳሙና አረፋ ይቀቡት። አረፋው ከተነፋ ጋዝ እያመለጠ ነውና ወዲያው ይዝጉት። በክብሪት መሞከር ሕይወት ያስከፍላል። የጎማ ቱቦው ከተሰነጣጠቀ ወይም የታተመበት የአገልግሎት ቀን ካለፈ በአዲስ ይለውጡት።

ጥያቄ፦ የመታጠቢያ ቤቱን የውኃ ማሞቂያ ይዘን እንሂድ ወይስ እንተወው?

መልስ፦ የእርስዎ ንብረት ከሆነ መውሰድ ይችላሉ፤ ሆኖም ባለ 50 ሊትር ማሞቂያ ሙሉ ሲሆን ውኃው ብቻ 50 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን ሳይራገፍ ከግድግዳ አይውረድ። ኤሌክትሪኩን ከዋናው ማጥፊያ አጥፍተው ውኃው እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፤ ሽቦውንም ባለሙያ ይፍታው። በአዲሱ ቤት የሙቅ ውኃውን ቧንቧ ከፍተው ውኃ ያለማቋረጥ እስኪወርድ ድረስ አያብሩት፤ ጋኑ ሳይሞላ ከበራ ማሞቂያው ክፍል ይቃጠላል።