ቱቦው ዛሬም ያስፈልጋል ወይ?

በጽኑ ሕሙማን ክፍል ሥራ ለምትጀምሩ ወጣት ነርሶችና ሐኪሞች፦

ድሬዳዋ ውስጥ በነርስነት ካሳለፍኋቸው ዓመታት አንድ አዛውንት ከኅሊናዬ አይጠፉም። ከከባድ የሳንባ ምች አገግመው፣ ከመተንፈሻ መሣሪያ ተላቀው፣ ሾርባ መቅመስ ጀምረው ነበር። አንገታቸው ላይ የገባው ሴንትራል ላይን (መድኃኒት ለመስጠት ትልቅ ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ግን «ምናልባት ያስፈልግ ይሆናል» ተብሎ ቆየ፤ ይውጣ ያለ አልነበረም፣ እኔም አላልኩም። በአራተኛው ቀን ብርድ አንቀጠቀጣቸው፤ ከቱቦውም ከክንዳቸውም በተቀዳው ደም ክሌብሴላ የተባለ ባክቴሪያ በቀለ፣ ኃይለኛው ፀረ ተሕዋሲያን ሜሮፔነም እንኳ የማይበግረው ዓይነት ነበር። ቤተሰቡ የመጨረሻ አማራጭ የሆነውን መድኃኒት ኮሊስቲንን ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ ሲዞር አረፉ።

ባክቴሪያው ከየት መጣ ብላችሁ ሩቅ አትሂዱ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙ ጊዜ ከበሽተኛው ቆዳ ተነሥቶ በቱቦው ውጫዊ ገጽ ይዘልቃል፤ ቱቦው በቆየ ቁጥር ደግሞ መድኃኒት በምንሰጥበት የቱቦው አፍ በኩል፣ ከእኛው እጅ ይገባል። ከገባ በኋላ ፕላስቲኩ ላይ ሙጫ መሰል ሽፋን ሠርቶ ስለሚደበቅ፣ መድኃኒት የሚበግረው ቢሆን እንኳ ቱቦው ሳይወጣ ማጥፋቱ አዳጋች ነው።

በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ተመራማሪው ፒተር ፕሮኖቮስትና ባልደረቦቹ በ103 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ያካሄዱት፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ሥራ አዲስ መድኃኒት አልነበረውም፦ እጅ መታጠብ፣ ቆዳን ክሎርሄክሲዲን በተባለ ጀርም ገዳይ ፈሳሽ ማጽዳት፣ ጋውን፣ ማስክና ጓንት ለብሶ በሽተኛውን በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን፣ ከተቻለ ቱቦውን በብሽሽት አለማስገባት፣ የማያስፈልገውን ቱቦ ማውጣት። የክፍሎቹ መካከለኛ የኢንፌክሽን መጠን ለ1000 የቱቦ ቀናት (አንድ ቱቦ አንድ በሽተኛ ላይ የሚቆይበት አንድ ቀን አንድ የቱቦ ቀን ነው) ከነበረበት 2.7 በሦስት ወር ወደ ዜሮ ወረደ። እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ግን፣ ሐኪሙ አንዱን እርምጃ ቢዘል፣ ሁኔታው ድንገተኛ ካልሆነ፣ ነርሷ እንድታስቆመው መፈቀዱ ነው። በእኛ ዘንድ ታላቅን ማስቆም ይከብዳል፤ እኔ ራሴ ፀጉሬ እስኪሸብት አልደፈርኩም። «ዶክተር፣ ጋውኑን ላቀብልዎት» ማለት ግን ነውር የለውም። ጠዋት ራውንድ ላይ በየአልጋው «ይህ ቱቦ ዛሬ ለምን ያስፈልጋል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ «ለደም መቅጃ ይመቻል» ከሆነ በቂ ምክንያት አይደለም፣ ክንድ አለ።

የድሬ ሙቀት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ቱቦው በገባበት ቦታ ላይ የሚለጠፈው ግልጽ መሸፈኛ በሰባት ቀን ይቀየራል ተብላችሁ ተምራችኋል፤ በግንቦት ግን ላብ በሁለተኛው ቀን ጠርዙን ያነሣዋል፤ ያኔ ሰባተኛውን ቀን ሳትጠብቁ ቀይሩትና ቀኑን በላዩ ጻፉበት።