ናይቫሻ ወይስ ላንጋኖ፦ ብስክሌትና እንፋሎት ለሚወዱ

እህቴ፣ ለአምስት ቀን ዕረፍት ብስክሌት እየነዳችሁ ፍል ውኃና እንፋሎት የምታዩበት፣ ከአዲስ አበባም ብዙ ያልራቀ ቦታ ፈልጋችኋል። ባለቤትሽ ዳገት ቁልቁለት የለመደ ነው፤ አንቺ ግን ከአስፋልት ወርደሽ አታውቂም። ላንጋኖ ይሻላል ወይስ ኬንያ፣ ናይቫሻ?

ያለ ማመንታት ናይቫሻ እላለሁ። ላንጋኖ አጠገብ ያለው አሉቶ ሀገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ከከርሰ ምድር እንፋሎት ኤሌክትሪክ ያመነጨችበት ስፍራ ነው። ለጎብኚ የሚከራይ ብስክሌትም ሆነ የተዘጋጀ መንገድ ግን አላየሁበትም። ናይቫሻ ግን ብስክሌቱም እንፋሎቱም በአንድ ግቢ ውስጥ ናቸው።

ግቢው ሄልስ ጌት ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ከናይሮቢ ወደ ሰሜን ምዕራብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ስፋቱ 68 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ አብዛኞቹ የኬንያ ፓርኮች የማይፈቅዱትን ይፈቅዳል፤ ያለ መኪና፣ በእግር ወይም በብስክሌት መግባት ይቻላል። ኤልሳ በተባለው በር ስትገቡ መንገዱ በቀይ ገደሎች መካከል ለጥ ያለ ሜዳ ነው። የሜዳ አህያ፣ ቀጭኔና ከርከሮ ግራና ቀኝ ይግጣሉ። ለአንቺ ከዚህ የተሻለ መለማመጃ አይገኝም። ጎሽ ካያችሁ ግን ቁሙ፤ ፎቶግራፍ ብላችሁ አትጠጉ።

ባለቤትሽ በሜዳው መሰላቸቱ አይቀርም። ለእሱ የሚሆነው የእንፋሎት ኃይል ማመንጫዎቹ ወዳሉበት ወደ ኦልካሪያ የሚወስደው ዳገት ነው። አፈሩ የእሳተ ገሞራ አመድ ስለሆነ በደረቅ ወራት ጎማ ይውጣል፤ ቁልቁለቱ ላይ የፊት ፍሬን ብቻ የሚይዝ ሰው ይወድቃል። በየቦታው ባልጩት አለ፤ ስለቱ ጎማ ይቀድዳል። ስለዚህ መለጠፊያና መንፊያ ያዙ። ከፍታው ግን አያስጨንቃችሁ፤ ናይቫሻ ከአዲስ አበባ ዝቅ ስለሚል ሳንባችሁ ተደስቶ ይውላል።

ብዙ ጎብኚ ኦልካሪያን «ፋብሪካ ነው፣ ተፈጥሮን አበላሽቷል» ብሎ ያልፈዋል። እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። የመጀመሪያው ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1981 ሥራ ሲጀምር በአፍሪካ ቀዳሚው ትልቅ የጂኦተርማል (የከርሰ ምድር እንፋሎት) ኃይል ማመንጫ ነበር። ዛሬ ኬንያ ከምታመነጨው ኤሌክትሪክ ግማሽ የሚጠጋው የከርሰ ምድር እንፋሎት ነው። ከጉድጓዶቹ የሚወጣው ነጭ እንፋሎት እያፏጨ ሲነሳ፣ የበሰበሰ እንቁላል የሚመስለው የድኝ ሽታ ሲመጣ፣ ከእግራችሁ ሥር ምን እንዳለ ያኔ ይገባችኋል። ረጃጅሞቹ ቧንቧዎች በየተወሰነ ርቀት እንደ በር ተጣጥፈው ታገኛላችሁ። ብረቱ በሙቀት ሲረዝም እንዳይሰበር ነው፤ ከሥሩም እንስሳት ያልፉበታል። ከዚያ ወርዳችሁ ኦልካሪያ ስፓ ግቡ። ገንዳው የሚሞላው ከእንፋሎቱ ተነጥሎ በቀረው ፍል ውኃ ነው፤ በረድ እስኪል ከኩሬ ወደ ኩሬ ይተላለፋል። ከዳገት የወረደ ጭን እዚያ ውስጥ ሲነከር ያለውን ደስታ እኔ አልነግራችሁም።

ፓርኩ ውስጥ ስላለው ኦል ንጆሮዋ ሸለቆ ግን ጠንከር ብዬ ልናገር። ግድግዳው ላይ ፍል ውኃ የሚንጠባጠብበት ጠባብ ገደል ነው፤ ውበቱ አያጠያይቅም። ሩቅ ቦታ በዘነበ ዝናብ ድንገተኛ ጎርፍ ይመጣበታል። እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2019 ጎብኚዎችን ገድሏል። የፓርኩ ጠባቂዎች ክፍት ነው ካላሉ አትውረዱ፤ ካሉም አስጎብኚ ይዛችሁ፣ ደመና በሌለበት ጠዋት ይሁን። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለውን የዝናብ ወቅት ብትተዉት ይሻላል።

የኪራይ ብስክሌት በር አካባቢም ሆነ በዋናው መንገድ ዳር ሞልቷል፣ ጥራቱ ግን እንደ ዕድል ነው። ሁለቱንም ፍሬን ጨብጣችሁ ፈትሹ፤ ማርሹን ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አጭር ዳገት ላይ ቀያይሩት። አንዱ አከራይ የሰጠኝ ብስክሌት ካቴናው በየዳገቱ ሲወልቅብኝ ዋለ፤ ሄልሜቱም ለልጅ የሚሆን ነበር። ሄልሜት ከአዲስ አበባ ይዛችሁ ሂዱ። የፓርኩን ክፍያ ቀድማችሁ በኢንተርኔት ጨርሱት፣ በሩ ላይ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም።

ማደሪያችሁን ናይሮቢ ሳይሆን ናይቫሻ ሐይቅ ዳር አድርጉት፤ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ጋ ለመገኘት ሌላ መንገድ የለም። ማታ ጉማሬ ከሐይቁ ወጥቶ ሣር ስለሚግጥ፣ ከመሸ ወዲያ ያለ ዘበኛ ከክፍል አትውጡ። አንድ ቀን ከተረፋችሁ ብስክሌቱን መልሱና ሎንጎኖት ተራራ ላይ በእግር ውጡ፤ 2,776 ሜትር ነው፣ እንጦጦን ለለመደ ሰው አይከብድም።