ያረጀ ላንድክሩዘር ፍሪሲዮን ግቢ ውስጥ መቀየር ይቻላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ የ1992 ሞዴል ላንድክሩዘር ፒክአፕ አለኝ፣ ናፍጣ ነው። ጭኜ ዳገት ስወጣ ሞተሩ ይጮሃል መኪናው ግን አይሄድም፣ የተቃጠለ ነገርም ይሸተኛል። ፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው) አልቋል ብለውኛል። ጓደኛዬ መካኒክነት ይሞካክራልና ግቢያችን ውስጥ ራሳችን ብንቀይረው ምን ይመስልዎታል? ሸራውን (የሚያልቀውን ክብ ዲስክ) ብቻ ብገዛስ ይበቃል? (ከሻሸመኔ)

መልስ፦ ወንድሜ ምልክቱ የፍሪሲዮን ነው፣ ቢሆንም ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑን) ከማውረዳችሁ በፊት አረጋግጡ። ሜዳ ላይ ከፊትህ ሰው በሌለበት የእጅ ፍሬን ይዘህ አራተኛ ማርሽ አስገባና ፍሪሲዮኑን ቀስ እያልክ ልቀቀው፣ ሞተሩ ከጠፋ ገና ይይዛል፣ እየሰራ ከቀጠለ ሸራው አልቋል ወይ ዘይት ነክቶታል። ፔዳሉንም በእጅህ ጫን ጫን አድርገው፣ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ባዶ እንቅስቃሴ ከሌለው አዲስ ሸራም ቢሆን ይንሸራተታልና እሱን ማስተካከል ይቀድማል።

ግቢ ውስጥ መቀየሩ ይቻላል፣ ግን የተስተካከለ የሲሚንቶ መሬት ከሌላችሁ እባካችሁ አትጀምሩት። ካምቢዮውና የፎርዊሉ ሳጥን አንድ ላይ ነው የሚወርዱት፣ ከ100 ኪሎ በላይ ነው፣ ደረት ላይ ከወደቀ ሰው ይገድላል። መኪናውን ክሪክ ላይ ብቻ አቁማችሁ ስር እንዳትገቡ፣ ብሎኬትም አትደርድሩ ብሎኬት ሳታስበው ይሰነጠቃል፣ ጠንካራ የብረት መቆሚያ ፈልጉ። ካምቢዮ ማውረጃ ክሪክም ከአንዱ ጋራዥ ተከራዩ ወይ ተዋሱ፣ ሶስት ሰው ሁኑ። የባትሪውን ኔጌቲቭ አስቀድማችሁ ፍቱ። ሲከፈት የምታገኙትን ጥቁር አቧራ ደግሞ በኮምፕሬሰር አትንፉት፣ የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላልና ሳንባ ይጎዳል፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

ሸራ ብቻ ላልከው አይሆንም! ሸራው፣ ፕሬዠር ፕሌቱ (ሸራውን የሚጫነው ሳህን) እና የመልቀቂያው ኩሽኔታ (ፔዳሉ ሲረገጥ ፕሬዠር ፕሌቱን የሚገፋው) አብረው ይቀየሩ፣ ክራንኩ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሿን ኩሽኔታም አትርሷት፣ እሷን ለመቆጠብ ብሎ ካምቢዮ ሁለቴ ማውረድ በጣም ያናድዳል። ቮላኖው (ሸራው የሚያርፍበት የሞተሩ ከባድ ክብ ብረት) ላይ ሰማያዊ የተቃጠለ ምልክት ወይ ስንጥቅ ካያችሁ ቶርኖ ቤት ወስዳችሁ አሳዩት፣ ስንጥቁ ጥልቅ ከሆነ ግን ይቀየር። እዚያው የሞተሩ የኋላ ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይፈስ የሚይዘው ቀለበት) ዘይት ካንጠባጠበ አብሮ ይቀየር፣ ያለዚያ አዲሱ ሸራ በአጭር ጊዜ በዘይት ይበላሻል።

ስትገጥሙ ሸራው የራሱ ፊትና ጀርባ አለው፣ ሲወርድ የትኛው ወደ ቮላኖ እንደነበር በስልክ ፎቶ አንሱት። አዲሱ ፕሬዠር ፕሌት ዝገት መከላከያ ቅባት ይኖረዋል፣ ያ በደንብ ይጠረግ። ሸራውን መሃል ለማስያዝ የፕላስቲክ ማስያዣ ከሌለ ቶርኖ ቤት በልኩ እንጨት ያወጡላችኋል፣ መሃል ሳይዝ ከታሰረ ካምቢዮው አይገባም፣ የፕሬዠር ፕሌቱን ብሎኖችም አንዱን አጥብቃችሁ ሳትጨርሱ ትይዩውን እያላችሁ ቀስ በቀስ አጥብቁ። ከሁሉ በላይ ካምቢዮው ሲገባ ሻፍቱ (ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ) ሸራው ላይ እንዳይንጠለጠል ክብደቱን እስከ መጨረሻው በክሪክ ያዙት፣ ብሎን ስቦ ያስገባዋል ብሎ ማጥበቅ አዲሱን ሸራ ገና ሳይሰራ ያጣምመዋል።

የፍሪሲዮን ዘይት መስመሩን ከፍታችሁ ከነበረ አየሩን አስወጡ። ከዚያ በኋላ እስከ 500 ኪሎ ሜትር ድረስ ከባድ ጭነት አትጫን፣ ዳገት ላይም ፍሪሲዮኑን ግማሽ ረግጠህ አትቁም።