መብራት ጠፍቶ ፍሪጅ ውስጥ ያደረ ትራስቱዙማብ

ጥያቄው ሁለት ነው፦ ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ ፍሪጅ ውስጥ ያደሩ ያልተከፈቱ የትራስቱዙማብ (የካንሰር መድኃኒት፣ በዱቄት መልክ የሚመጣ) ቫያሎች፣ ማለትም ትንንሽ ጠርሙሶች፣ ይጣሉ ወይ? በውሃ ተበጥብጦ የተረፈው ባለ 440 ሚሊ ግራም ቫያልስ ለሌላ ታካሚ ይሆናል?

ያልተከፈቱትን አሁኑኑ አትጣሉ፣ ለታካሚም አትስጡ። ከነካርቶናቸው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ወደሚጠብቅ ፍሪጅ አዛውሩና «ውሳኔ እስኪሰጥ እንዳይወጣ» የሚል ወረቀት ለጥፉባቸው። ከዚያ የባች ቁጥሩን፣ ቴርሞሜትሩ የያዘውን ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት፣ ከ8 ዲግሪ በላይ የቆየበትን ሰዓት ጽፋችሁ አምራቹን ወይም አስመጪውን በጽሑፍ ጠይቁ። ከዚህ በፊትም ሞቆ የሚያውቅ ከሆነ እሱንም አትደብቁ፤ ጉዳቱ ይደማመራል። ስለ ሄርሴፕቲን (የመጀመሪያው የትራስቱዙማብ ምርት) የተሰጠ መልስ ለባዮሲሚላሩ፣ ማለትም ሌላ አምራች አመሳስሎ ለሚሠራው፣ አይሠራም፤ ለእያንዳንዱ ምርት ለየብቻው ጠይቁ።

ቫያሉን አይቶ መፍረድ አይቻልም። ዱቄቱ ቢጎዳም ነጭ ሆኖ ይታያል። ፈሳሽ ሆነው የሚመጡት ተመሳሳይ የፕሮቲን መድኃኒቶች ሪቱክሲማብና ቤቫሲዙማብ ላይም ቢሆን፣ ፕሮቲኑ ተጓጉሎ ገና በዓይን የማይታይበት ደረጃ አለ። የተጓጎለ ፕሮቲን ደግሞ የታካሚው ሰውነት መድኃኒቱን እንዲዋጋ ሊያነሳሳ ይችላል። ክትባት ላይ የሠራችሁ ባለሙያዎች እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፦ እየነቀነቁ በረዶ ሆኖ እንደነበር የመለየት ምርመራ የተሠራው አሉሚኒየም ላላቸው ክትባቶች ነው። ሞኖክሎናል አንቲቦዲን (እንደ ትራስቱዙማብ ያለውን የፕሮቲን መድኃኒት) መነቅነቅ ምንም መልስ አይሰጥም፤ ጭራሽ ፕሮቲኑ አየርና ፈሳሽ በሚገናኙበት ገጽ ላይ ተፈትቶ እንዲጓጎል ያደርጋል።

ፈሳሹ በረዶ የሆነበት ቫያል ግን አያከራክርም፣ ይወገዳል። ስለዚህ ዝቅተኛውን ንባብ ሳታዩ አትለፉ፤ መብራት ሲጠፋ «ይቀዝቅዝ» ብሎ ፍሪዘር ውስጥ የከተተው ሰው ካለም ጠይቁ።

ወደተከፈተው ስንመጣ፣ ወሳኙ በምን ውሃ ተበጠበጠ የሚለው ነው። ከ440ው ጋር በሚመጣው፣ 1.1 በመቶ ቤንዚል አልኮል ባለው 20 ሚሊ ሊትር ውሃ ከሆነ በሚሊ ሊትር 21 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ከቆየ እስከ 28 ቀን ያገለግላል። ያ ውሃ ጠፍቶ፣ ወይም ታካሚው ለቤንዚል አልኮል አለርጂ ኖሮበት በተራ ስቴራይል ውሃ ከተበጠበጠ ግን ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ የተረፈው ይደፋል። ተሕዋስያንን የሚያግድ ነገር የለውምና። ብዙ ጊዜ የማየው ስህተት በተራ ውሃ በጥብጦ «28 ቀን» ብሎ መለጠፍ ነው። የእናንተው ከ8 ዲግሪ አልፎ ከሆነ፣ ውድ መሆኑ ቢያሳዝንም እኔ አስወግዱት እላለሁ፤ 28 ቀን የተባለው በቅዝቃዜ ለቆየ ነው፣ በዚያ ላይ መርፌ ገብቶበታል።

ብክነቱን የሚቀንሰው ቀጠሮ ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ታካሚ በኪሎ 6 ሚሊ ግራም ሲታሰብ 360 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 17.1 ሚሊ ሊትር ይቀዳል፤ 80 ሚሊ ግራም ገደማ ይተርፋል። ታካሚዎቹን በአንድ ቀን ሰብስቡ። ቫያሉ ላይ የተከፈተበትን ብቻ ሳይሆን የሚወገድበትን ቀን ጻፉ፣ የካርቶኑ ማብቂያ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ በዚያው ይሁን። «8 ሰዓት» ብቻ ተብሎ የተጻፈን ሰዓት አንዱ ከጠዋቱ፣ ሌላው ከቀኑ ብሎ ያነበዋል።

ሲበጠበጥ ውሃው ዱቄቱ ላይ በቀስታ ይግባ፣ ቫያሉ በዝግታ ይዙር፣ አረፋ ካለ 5 ደቂቃ ያህል ይቀመጥ። ለታካሚው ከመሰጠቱ በፊት የሚቀላቀለው በ250 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን (ጨው ባለው ፈሳሽ) ነው፤ በዴክስትሮዝ (ስኳር ባለው) በፍጹም፣ ፕሮቲኑ ይጓጎላል። የተዘጋጀው ከረጢት በፍሪጅ 24 ሰዓት ይቆያል፤ ረዘም ያለ ጊዜ የሚፈቅዱ አምራቾች ስላሉ በእጃችሁ ያለውን ምርት መመሪያ እዩ።

ለሚቀጥለው፦ የቴርሞሜትሩን ጫፍ ግሊሰሪን ባለበት ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ አድርጉት፤ በር በተከፈተ ቁጥር የሚዘለውን የአየር ሙቀት ሳይሆን ወደ መድኃኒቱ የሚቀርበውን ታነባላችሁ። ቫያሎቹ መካከለኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከኋላ ግድግዳው ራቅ ብለው ይቀመጡ። መብራት ሲጠፋ በሩን አትክፈቱ። ወደ ኮልድ ቦክስ ማዛወር ግድ ከሆነ፣ አይስ ፓኩ ሲወዘወዝ ውስጡ ውሃ እስኪሰማ ከፍሪዘር ውጭ ይቆይ፤ ካርቶኑንም በቀጥታ አይንካ።