ሴሚስተሩ ሲያልቅ ክፍሉ አይዘጋ

ልጆቼ፣

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲያችሁ ከተማ ዳር ባሉ ሰፈሮች ጎልማሶችን ፊደል እንድታስቆጥሩ ሊልካችሁ መሆኑን ሰምቼ ደስ አለኝ። ስጋትም ገባኝ።

እኔ ፊደል ማስቆጠር የጀመርኩት ገና ተማሪ ሳለሁ፣ በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ሲታወጅ ነው። ዘመቻው እያደር በ15 ቋንቋዎች ያስተማረ ትልቅ ሥራ ነበር። ይሁንና ፊደል የለየ ሰው የሚያነበውና የሚጽፈው ካጣ ይረሳል፤ ድኅረ መሠረተ ትምህርት የተባለው ተከታይ ትምህርት የመጣውም ለዚሁ ነው። ነገሩን በስሙ አውቀው ነበር። በደንብ የገባኝ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ዳር፣ የካ አባዶ ላይ ነው።

እዚያ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ባለ የዕድር ቤት ውስጥ፣ በምሠራበት ዩኒቨርሲቲ ስም ክፍል ከፈትን። እንጀራ ጋግረው የሚሸጡና ጉልት የሚውሉ እናቶች መጡ። ይዘን የሄድነው መጽሐፍ ለገጠር የተዘጋጀ ነው፤ ስለ ማዳበሪያና ስለ ሞፈር ያወራል። በሦስተኛው ሳምንት ግማሾቹ ቀሩ። እኔም «ፍላጎት የላቸውም» ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ። ያ ሪፖርት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አንድ ቅዳሜ አንዲት እናት ጠርዙ ላይ ሊጥ የደረቀበት የእቁብ ደብተር ይዘው መጡ። «መምህር፣ የእኔ ስም የቱ ጋ ነው? የከፈልኩት ተጽፎልኛል?» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መጽሐፉን ከድነን በስማቸው ጀመርን። የብዙዎቹ ስም መድረሻው «ነሽ» ነውና «ነ» እና «ሽ» በአንድ ቀን ተያዙ። 231ዱን ፊደል በተራ ብንቆጥር «ነ» ላይ ለመድረስ ስንት ሳምንት ይፈጅብን ነበር! ቀጥሎ «ከፍላለች»፣ «አልከፈለችም» መጣ። ከዚያ ማመልከቻ። ወረዳው በር ላይ ለሚቀመጠው ጸሐፊ ሲከፍሉ የኖሩ ሴቶች «ጉዳዩ፦ ውኃ ስለማጣት» ብለው በእጃቸው ጻፉ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቼ ቃላቱን ወደ ቢሮ አማርኛ ሊያቃኑላቸው ሲሞክሩ አንዷ እናት «በሌሊት ተነስተን እንደምንቀዳ ይጻፍ እንጂ!» ብለው ተቆጡ። እውነታቸውን ነበር። ፊደሉን አርሙ፤ ነገራቸውን ግን አትንኩባቸው።

ሰኔ ላይ ፈተና ደረሰ። ተማሪዎቹ ሄዱ፣ በጀቱ ተዘጋ፣ በሩም ተቆለፈ። በጥቅምት አዲስ ተማሪዎች ይዘን ስንመለስ የጠበቁን ጥቂቶች ናቸው። ከእነሱም አንዷ፣ ገና ወንበር ሳንይዝ፣ «እናንተስ መቼ ነው የምትሄዱት?» አሉን። የምንመልሰው አልነበረንም።

የከፍተኛ ትምህርት አዋጁ፣ ቁጥር 1152/2011፣ የማኅበረሰብ አገልግሎትን ከማስተማርና ከምርምር እኩል የዩኒቨርሲቲ ሥራ አድርጎታል። ስለዚህ ሰፈር የምትወርዱት ለውለታ ብላችሁ አይደለም። ከዕድሩ ጋር ስምምነት ሳትፈርሙ በፊት ሐምሌና ነሐሴ ክፍሉን ማን እንደሚይዝ ጠይቁ። ከሰፈሩ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ ፈልጉ፤ አብራችሁ እያስተማረች ትልመድ፤ አበሏንም ዩኒቨርሲቲው ይክፈል። ይህን እምቢ የሚል ኃላፊ ካጋጠማችሁ ደጋግማችሁ ጠይቁት፣ አትሰልቹ።

የየካ አባዶው ክፍል ቁልፍ ዛሬ ያለው የእቁብ ደብተሩን ባመጡት እናት ልጅ እጅ ነው። ክረምቱን ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ትከፍታለች። እኔም ጠመኔ ይዤላት እሄዳለሁ።