«የተገራ ነው» የተባለው ፈረስ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ጥር 23 ቀን የእንጅባራን ፈረሰኞች በቴሌቪዥን ያየ ሁሉ ፈረስ ያምረዋል። አልፈርድም፤ እኔንም ያምረኛል። ከደረሱኝ ጥያቄዎች ጥቂቶቹን መርጫለሁ።

ፈረስ ልገዛ ነው። ሻጩ «የተገራ ነው» ይለኛል። ምኑን አይቼ ልመን? (ከሰበታ)

ሻጩ ሽምጥ ጋልቦ ካሳየዎት ገና ምንም አላዩም። ሩጫን ለፈረስ ማንም አያስተምረውም፤ ይዞት ይወለዳል። የሚማረው መቆምን ነው። ቀስ ማለትን፣ መጠበቅን፣ ብቻውን መሄድን ነው። እርስዎም የሚፈትኑት እነዚህን ነው።

ከቻሉ ሳይናገሩ ጠዋት ይሂዱ። ተጭኖና በላብ ርሶ ከጠበቀዎት፣ እንዲረጋ ብለው አስቀድመው አድክመውት ሊሆን ይችላል። ኮርቻው እርስዎ ፊት ይጫን። ሆዱ ሥር ያለው ጠፍር ሲጠብቅ ጆሮውን ወደ ኋላ ልጥፍ አድርጎ ሊነክስ ከዞረ፣ ወይ ጀርባውን ያመዋል ወይ ኮርቻን የሚያውቀው በክፉ ነው። ከዚያ መጀመሪያ ባለቤቱ ይውጣበት። ባለቤቱ «ዛሬ ወገቤን አሞኛል» ካለ ወደ ቤትዎ ይመለሱ። ሲወጣበት ፈረሱ ቆሞ ይጠብቃል? ወይስ እግር እርካብ ሲነካ መንገድ ይጀምራል? ብዙ ሰው ሁለተኛውን «ንቁ ፈረስ» ይለዋል። እኔ ያልተማረ ነው እላለሁ።

ቀጥሎ ዛቡን (ጋላቢው በእጁ የሚይዘውን የልጓም ማሰሪያ) አላልቶ በእርምጃ ብቻ ይንዳው። ከሌሎቹ ፈረሶችም አርቆ ይውሰደው። ፈረስ የመንጋ እንስሳ ነው፤ ጓደኞቹን ትቶ ሳያሽካካ ከሄደ በላዩ ያለውን ሰው ያምናል። ከሶምሶማ ወደ እርምጃ፣ ከእርምጃ ወደ መቆም ሲያወርደው አፉን ይመልከቱ። አፉን ከፍቶ አንገቱን ወደ ላይ ከወረወረ፣ የቆመው ስላመመው ነው። በመጨረሻ ባጃጅ የሚያልፍበት መንገድ ዳር ያውጣው። ትንሽ መደንገጥ ያለ ነው። ዋናው ነገር ምን ያህል ቶሎ እንደሚረጋጋ ነው።

ልጓሙን በሳብኩ ቁጥር ፍጥነቱ ይብስበታል። ምን ላድርግ? (ከደብረ ብርሃን)

መሳብዎን ይተዉ። እየቀለድኩ አይደለም። ፈረስ የሚማረው ከመሳቡ ይልቅ ከመልቀቁ ነው። ዛቡን በቀስታ ይያዙ፤ ትንሽ ዝግ ሲል ወዲያው ያላሉለት። ትክክል እንደሠራ የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው። ቢቆምም ባይቆምም አፉ ላይ ያለው ጫና ያው ከሆነ ምን ብሎ ይቆማል? ከሕመም መሸሽ ደግሞ ተፈጥሮው ነው።

የልጓሙ ብረት የሚያርፈው በፊት ጥርሶቹና በመንጋጋ ጥርሶቹ መካከል ባለው ባዶ ድድ ላይ ነው። ስስ ቦታ ነው። ከአገራችን ልጓሞች አንዳንዱ የታችኛውን መንጋጋ የሚከብ ቀለበት አለው፤ በለስላሳ እጅ ጣት ያህል እንቅስቃሴ ይበቃዋል፣ በኃይለኛ እጅ ግን ማሠቃያ ነው። ዛሬውኑ አፉን ከፍተው ይዩ። ቁስል ካለ እስኪድን ልጓም አይግባለት። ከዳነ በኋላም ከእርምጃ ይጀምሩ። በእርምጃ የማይቆም ፈረስ በግልቢያ አይቆምም።

ጋሪ ይጎትት የነበረ ፈረስ ለግልቢያ ይሆናል? (ከሐዋሳ)

ይሆናል። ጡሩምባውን፣ ግርግሩን፣ ሲኖትራኩን ለምዶታል፤ ያ ቀላል ነገር አይደለም። የሰውን እግርና ክብደት ግን አያውቅም። ጋሪ ላይ ትእዛዝ የሚመጣለት ከኋላ፣ በድምፅና በረጅም ዛብ ነበር። ጎኑን በእግርዎ ሲነኩት ምን እንደፈለጉ ከየት ያውቃል? መጀመሪያ ባዶ ኮርቻ ጭነው በእጅ እየመሩ ያለማምዱት፤ የለመደውን ድምፅ ከእግርዎ ንክኪ ጋር አብረው ይስጡት።

ሰው የሚረሳው አንድ ነገር አለ። ጋሪ ላይ ዓይኑን በጎን ከልለውት ከነበረ ዓለምን የሚያውቀው ከፊት ብቻ ነው። የፈረስ ዓይን በጎንና በጎን ስለሆነ ከለላው ሲነሳ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል። ያን ጊዜ በነፋስ የሚወዛወዝ ጋቢዎ እንኳ ሊያስደነብረው ይችላል። ደረቱንና ትከሻውንም በእጅዎ ይዳስሱ፤ የድሮ የጋሪ ቁስል ጠጉር ሥር ይደበቃል።

የሁለት ዓመት ፈረስ አለኝ፤ ጠንካራ ነው። ልጋልበው? (ከአዲስ አበባ)

አይሆንም ወንድሜ። የጀርባው አጥንት እድገቱን የሚጨርሰው አምስት ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። ብዙ አሠልጣኞች 3 ወይም 4 ዓመት ሲሞላው ቀለል አድርገው ይጀምራሉ። እስከዚያ መመራትን፣ መታሰርን፣ ኮቴውን ማስነሳትን አስተምረው። «ሁለት ዓመቱ ነው» ያለህ ሻጩ ከሆነ ጥርሱን እይ፦ መሃል ያሉት የፊት ወተት ጥርሶች 2 ዓመት ተኩል አካባቢ፣ ቀጥሎ ያሉት 3 ተኩል፣ የዳሮቹ 4 ተኩል ላይ ይቀየራሉ።

የአጎቴ የጉግስ ፈረስ በጣም የተገራ ነው። የ10 ዓመት ልጄን ላስተምርበት? (ከእንጅባራ)

መገራቱን አምናለሁ፤ ችግሩም እሱ ነው። ጉግስ ተጫዋች እጁ ዱላና ጋሻ ይዟል። ፈረሱን የሚያዞረው በአብዛኛው በወገቡና በእግሩ ነው፣ ፈረሱም ትንሿን ምልክት ይሰማል። ልጅዎ ደንግጦ በእግሩ ጥብቅ ሲያደርገው ፈረሱ «ሂድ» ተብያለሁ ብሎ ይበራል። ለጀማሪ ልጅ ዕድሜው የገፋ፣ የተኮላሸ፣ ትንሽ ሰነፍ ቢጤ ፈረስ ይፈልጉለት። ሰነፍ ማለት እዚህ ላይ ስድብ አይደለም።

95 ኪሎ ነኝ፤ እንጦጦ ፈረስ ተከራይቼ ብወጣ እጎዳዋለሁ? (ከአዲስ አበባ)

በብዙ ቦታ የሚሠራበት መለኪያ አለ፤ ሰውና ኮርቻ ተደምረው ከፈረሱ ክብደት 20 በመቶ ባይበልጡ ይመረጣል። 250 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ 50 ኪሎ ማለት ነው። የአገራችን ፈረስ ደግሞ ትንሽ ነው፤ በዚህ ስሌት ከእኛ ጎልማሶች ስንቱ እንደሚያልፍ ያስቡት። እርስዎ ካለው ትልቁን ይጠይቁ፣ ጉዞውን ያሳጥሩ፣ ዳገቱ ላይ ይውረዱለት። ከመውጣትዎ በፊትም ኮርቻው ይነሳና ጀርባውን ልየው ይበሉ። ቁስል ካለ ሌላ ፈረስ ያምጡልዎ። ሌላ ከሌለ በእግርዎ ይውጡ፤ የእንጦጦ አየር ለእግረኛም ጥሩ ነው።